ከመድረክ የመጣ ገበሬ፦ የስክሪን ተዋንያን የሙያ መነሻና የደቡብ ጎንደር ደጋ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የራሴ የሚላቸው ተዋንያን አልነበሩትም። ድራማ ሲያስፈልገው ፊቱን ያዞረው ወደ ቴአትር ቤቶች ነበር። ከዚያ የመጡት ባለሙያዎች ድምፃቸውን እስከ ኋላኛው ወንበር ማድረስ የለመዱ፣ ሐዘናቸውም ቁጣቸውም ከሩቅ እንዲታይ አድርገው የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ነበሩ። ካሜራ ግን ቅርብ ነው፤ የቅንድብ እንቅስቃሴ ይበቃዋል። ይህ የመድረክ ውርስ በቴሌቪዥን ድራማችንና በፊልማችን ላይ ያሳረፈው አሻራ ብዙ ጊዜ «ቴአትር ቴአትር ይላል» ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። ተዋናይ ወደ ስክሪን ከመምጣቱ በፊት ምን ሲሠራ ኖረ? አካሉና አንደበቱ በየትኛው ሙያ ተገራ? ማንን አሳምኖ መጫወት እንደሚችልና ማንን እንደማይችል የሚወስነው ይህ ነው። በዚህም ክፉኛ የተጎዳው የደጋው ገበሬ ነው።

ጥያቄውን ከአንበሳሜ ተነስቶ ማየት ይጠቅማል። አንበሳሜ የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ወረዳው በምዕራብ ከጣና፣ በደቡብ ከዓባይ ይዋሰናል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ አገሩ እየቀዘቀዘ ወደ እስቴ፣ ወደ ፋርጣና ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚረዝመው ጉናም ይደርሳል። የዚህ አገር ሰው ቴሌቪዥን ላይ ገበሬ ሲቀርብለት ሐሰቱን ለመለየት ሐያሲ አያስፈልገውም። እርፍ ጨብጦ የማያውቅ እጅ ይታወቃል። በሬን ከኋላው ሳይሆን ከጎኑ ቆሞ የሚያናግር ሰው ይታወቃል። ዱላውን ትከሻው ላይ እንደ ጌጥ ያሳረፈ፣ ጋቢውን ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ያጣፋ፣ ሽማግሌ ፊት ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርግ የጠፋው ገበሬ የመድረክ ገበሬ ነው። አነጋገሩም የማንም አይደለም፤ ከጎጃም ጥቂት፣ ከወሎ ጥቂት፣ ከመንዝ ጥቂት ተለቅሞ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራ «ገጠርኛ» ነው።

ይህ ሁኔታ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴአትር መሥራቾች የመጡበትን መንገድ ብንመለከት የሙያ መነሻቸው ያስገርማል። በ1913 ዓ.ም. ግድም የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔት «ፋቡላ»ን የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ የጦር ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ቴአትሩን በሁለት እግሩ ያቆሙት ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ የቅኔ ሰው ናቸው። ቅኔ ቤት የተማረ ሰው ከቃል በላይ የሚቀስመው ነገር አለ፦ ቆሞ በጉባኤ ፊት መናገርን፣ ትንፋሽን መመጠንን፣ አንድን ቃል ከሰሙ ወደ ወርቁ እስኪያሻግር ድረስ አዘግይቶ መልቀቅን። የዮፍታሔ ተውኔቶች መዝሙርና ንግግር የተጋቡባቸው የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም፤ ጸሐፊው የተማረበት ቤት የሠራው ዓይነት ነው።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ከጠቅላይ ግዛት የመጡ አዝማሪዎችን፣ ሸላዮችንና ፎካሪዎችን ሰብስቦ ነው ትርኢት ያቀረበው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው፣ ሲመጣ የተዋናይነት ሙያ በደመወዝ የሚተዳደር ሥራ ሆነ። የዚያ ትውልድ የሕይወት ታሪክ የሙያ መነሻ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ያሳያል። ተስፋዬ ሣህሉ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ወታደሩን በትርኢት ያዝናኑ፣ ሴት ተዋንያን ባልነበሩበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው የተጫወቱ ሰው ናቸው። ቴሌቪዥን ሲጀመር የልጆች ፕሮግራም ይዘው ከ40 ዓመታት በላይ «አባባ ተስፋዬ» ሆነው የቆዩት ያንን ሁሉ ይዘው ነው። በእሳቸው ተረት አወራር ውስጥ ሴቲቱም፣ አንበሳውም፣ ሽማግሌውም በድምፅና በፊት ለውጥ ብቻ የሚወለዱት ቀሚስ ለብሰው በመድረክ ባለፉበት ልምድ ነው። ክራር ተጫዋቿ አስናቀች ወርቁ ደግሞ በሴት ተዋናይነት ቀድመው ከወጡት አንዷ ሲሆኑ፣ የመድረክ ሰውነታቸውን የሠራው ሙዚቃ ነበር።

ወጋየሁ ንጋቱን እዚህ ላይ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ትውልድ ገጸ ባሕርያቱን በወጋየሁ ድምፅ ነው የሚያውቃቸው። ሰብለ ወንጌልንም ፊታውራሪ መሸሻንም አንድ ሰው ነው የተጫወታቸው። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነው፤ ነገር ግን ማይክሮፎኑ ፊት ሲቀመጥ የመድረኩን ድምፅ ትቶ ወደ ጆሮ ቀርቦ ማንሾካሾክን መረጠ። አንድ ተዋናይ ከመጣበት ሙያ እንዴት ሊወጣ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በእኛ አገር የለም ባይ ነኝ። የሙያ መነሻ ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ ለይቶ ያወቀው ሰው ሊሻገረው የሚችል ነገር ነው። ችግሩ ለይቶ የሚያውቀው ጥቂት መሆኑ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲከፍት መነሻው ተለወጠ። በሩን የሚከፍተው የማትሪክ ውጤት ሆነ። ትምህርት ክፍሉ ለአገሪቱ ያበረከተው ብዙ ነው፤ ስታኒስላቭስኪንም፣ ብሬሽትንም፣ የግሪክ ትራጄዲንም አስተማረ። ግን በዚያው ቅጽበት የቅኔ ቤቱ፣ የአዝማሪውና የፎካሪው ልምድ ከተዋናይነት ሙያ ወጥቶ ወደ «ባህላዊ ሙዚቃና ውዝዋዜ» ክፍል ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ አዝማሪ በፊልም ሲታይ አዝማሪ ሆኖ ነው፤ መሪጌታም ሲታይ በበዓል ትዕይንት ጀርባ ቆሞ ነው። በደርግ ዘመን የነበሩት የቀበሌ፣ የክፍለ ሀገርና የጦር ሠራዊት ኪነት ቡድኖች ለጊዜው ሁለተኛ በር ሆነው ብዙ ተዋናይ አፍርተዋል፤ እነሱ ሲበተኑ ያም በር ጠበበ።

ከ1990ዎቹ ወዲህ የዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ሌሎች መነሻዎች ተጨመሩ። ሳያት ደምሴ ከቁንጅና ውድድርና ከሙዚቃ፣ ዘሪቱ ከበደ ከዘፈን ወደ ፊልም መጡ። ዘሪቱ በ«ቀሚስ የለበስኩለት» ላይ ያሳየችው ቀለል ያለ አተዋወን ከመድረክ ስላልመጣች ያተረፈችው ነገር እንደሆነ አምናለሁ፤ እጇን ለኋላ ወንበር ማወዛወዝ አልለመደችም። በ2008 ዓ.ም. ካና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ማቅረብ ሲጀምር ደግሞ በድምፅ ብቻ የሚሠሩ ተዋንያን ተፈጠሩ። ይህ ሁሉ የከተማ ታሪክ ነው። ሞዴሉም፣ ዘፋኙም፣ ምሩቁም፣ ድምፅ ሰጪውም የሚገናኙት አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ገበሬውን እንዲጫወት የሚጠራውም ከእነሱ አንዱ ነው።

ሌላ መንገድ ግን ታይቷል። ያሳየንም የጎንደር ልጅ ነው። ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ተወልደው ያደጉት የተውኔት ደራሲና የታሪክ ጸሐፊ በነበሩት አባታቸው በገሪማ ታፈረ ቤት ነው። አባትየው ተውኔቶቻቸውን ይዘው በገጠሩ ሲዞሩ ልጅየው አብረዋቸው ይጫወቱ ነበር። ኃይሌ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ቺካጎ ለመማር የሄዱት ድራማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው ፊልም የተማሩት። ማለትም እሳቸውም ከመድረክ የመጡ ናቸው። ያን ስላወቁ ይመስለኛል በ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» መድረኩን ከፊልሙ ለማውጣት የቆረጡት።

ያ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1974፣ አብዮቱ በሚፈነዳበት ሰሞን፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጥቁርና ነጭ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ተቀርጾ በ1976 የወጣ ነው። ተዋንያኑ በሙያ የሠለጠኑ አልነበሩም። ፊልሙን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የጊዜ ርዝመት ነው። ገበሬው ማለዳ ይነሳል፣ በሬዎቹን ይጠምዳል፣ ያርሳል፤ ካሜራው አይቸኩልም። የሠለጠነ ተዋናይ እንዲህ ያለ ትዕይንት ሲሰጠው «ምን ልሥራበት» ይላል፤ ፊቱን ያጠቁራል፣ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል፣ ላቡን ይጠርጋል፤ ድካሙን ሊነግረን ይጥራል። በ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ያሉት ሰዎች ምንም አይነግሩንም። ያርሳሉ። ድካሙ ከወገባቸው እንጂ ከፊታቸው አይነበብም። መሬቱን የተነጠቀውና እንደ እብድ የሚታየው ከበበ ግን የተለየ ነው፤ ሲናገር የአደባባይ ተሟጋች አንደበት አለው። ይህም ቢሆን ከቴአትር ቤት የመጣ አንደበት አይደለም። በየችሎቱና በየሸንጎው ለርስት ሲከራከር የኖረ የኢትዮጵያ ሰው አንደበት ነው። እንዲህ ያለውን ንግግር የትኛውም የትወና መማሪያ መጽሐፍ አያስተምርም።

ከ30 ዓመታት በኋላ በ«ጤዛ» ኃይሌ ሁለቱን ዓለም ለማጋባት ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን፣ በተከታዩ ዓመት በዋጋዱጉ ታላቁን የየኔንጋ ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ጀርመን አገር ሕክምና የተማረው አንበርብር (አሮን አረፈ) ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ከተማውና የተማረው ክፍል በሠለጠኑ ተዋንያን የተያዘ ነው። የመንደሩ ዓለም ግን ሌላ ድምፅ አለው። በዚህ ፊልም ውስጥ ምሁራኑ ሲከራከሩ ድምፃቸው ወደ መድረክ ያዘነብላል፤ እናትየው (ታከለች በየነ) ዝም ብላ ልጇን ስታይ ግን ፊልሙ ይቆማል፣ ይተነፍሳል። ብዙዎች ይህን አለመመጣጠን እንደ ጉድለት ያዩታል። እኔ የፊልሙ ትርጉም ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ የተማረው ሰው ከመንደሩ የራቀበትን መጠን የሚለካው ታሪኩ ብቻ ሳይሆን የአተዋወኑ ልዩነት ነው። አንበርብር የእናቱን ቋንቋ ይናገራል፤ አካሉ ግን ረስቶታል።

ሁለት የኋላ ፊልሞች በዚህ መስመር ላይ ሊጨመሩ ይገባል። በዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» (እ.ኤ.አ. 2014) ጠበቃዋን የምትጫወተው ሜሮን ጌትነት የቴአትር ምሩቅ፣ ገጣሚና በ«ዳና» ተከታታይ ድራማ የታወቀች ናት። የተጠለፈችውን ልጅ የምትጫወተው ትዝታ ሀገሬ ግን በፊልም አዲስ ነበረች። ዳይሬክተሩ ይህን ልዩነት ተጠቅሞበታል፤ ሜሮን ሕግ ስትናገር በራስ መተማመኗ ከሥልጠና የመጣ ነው፣ የትዝታ ዝምታ ግን ከየትም የተማረችው አይመስልም። የያሬድ ዘለቀ «ዳንግሌ» (እ.ኤ.አ. 2015) በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሲሆን፣ ከበጉ ጋር የሚንከራተተውን ሕፃን ኤፍሬምን የተጫወተው ረድኤት አማረ ከዚያ በፊት ተዋናይ አልነበረም። ሁለቱም ፊልሞች ለልጆቹ ከሥልጠና ይልቅ ሕይወትን መረጡ፤ ለአዋቂ ገበሬዎች ግን ያን ያህል አልደፈሩም።

ከእኛው ምድር የሄደ ሌላ ምሳሌ አለ። ሩማኒያ የተወለደው የፈረንሳይ ዳይሬክተር ራዱ ሚሃይሌያኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ፊልም፣ በሙሴ ዘመቻ ወደ እስራኤል የተሻገረውን ኢትዮጵያዊ ልጅ በጎልማሳነቱ የተጫወተው ሲራክ ሳባሃት ነው። ሲራክ ራሱ ኢትዮጵያ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1991 በሰለሞን ዘመቻ የሄደ ነው። በዚያ ፊልም ለተዋናዩ ከሁሉ የሚበልጠው የሙያ ማስረጃ ራሱ የተጓዘው መንገድ ነበር።

ቴሌቪዥን ይህን ማድረግ አይችልም የሚል ካለ አንድ ፊልም ላስታውሰው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በተጀመረበት በ1957 ዓ.ም.፣ ታኅሣሥ ወር ውስጥ፣ ቢቢሲ የፒተር ዋትኪንስን «ከሎደን» አሳየ። ስለ 1746ቱ (እ.ኤ.አ.) ጦርነት፣ የስኮትላንድ ደጋ ጎሣዎች በብሪታኒያ መንግሥት ጦር ስለተደመሰሱበት ቀን የተሠራ የቴሌቪዥን ፊልም ነው። ዋትኪንስ የቴአትር ተዋንያንን አልፈለገም። የደጋውን ሰዎች ያጫወተው ከኢንቨርነስና ከአካባቢው በመጡ አማተሮች ነው፤ ከእነሱ መካከል በዚያ ጦርነት የተዋጉ ሰዎች ተወላጆች ነበሩ። ካሜራውን እንደ ዜና ዘጋቢ አስጠግቶ ፊታቸውን አሳየ። ብርድና ረሃብ የሚያውቅ ፊት ምን እንደሚመስል የብሪታኒያ ተመልካች በሳሎኑ ተቀምጦ አየ። በጀቱ ትልቅ አልነበረም፣ በጦር ሜዳውም ጥቂት ሰው ነው የነበረው። ውጤቱ ግን እስከ ዛሬ ስለ ጦርነት ከተሠሩ የቴሌቪዥን ሥራዎች ፊተኛውን ስፍራ ይዟል።

ይህን ሳስብ ልቤ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ፣ ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራበት የጋፋት ጎረቤት ናት። የቴዎድሮስ ታሪክ በግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም፣ በጸጋዬ ገብረ መድኅንም ተጽፎ በአዲስ አበባ መድረኮች በታላላቅ ተዋንያን ተሠርቷል። ነገር ግን በሁሉም ቴዎድሮስ ነው የሚናገረው። መድፉን ወደ መቅደላ በገደልና በዳገት የጎተተው ሕዝብ እንዴት እንደተነፈሰ፣ እርስ በርሱ ምን እንደተባባለ፣ ማታ እሳት ዙሪያ ምን ብሎ እንዳንጎራጎረ አላየንም። ያን ሕዝብ መጫወት የሚችሉት የዚያው አገር ሰዎች ናቸው።

ችሎታው የለም እንዳይባል የደቡብ ጎንደር ደጋ በትርኢት ሙያ ከማንኛውም የአገሪቱ ክፍል የማያንስ ሥልጠና አለው። ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ድጓ የሚማር ልጅ ከቤቱ ወጥቶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ያደገ ነው። ይህ የመጀመሪያው መድረኩ ነው፤ ውሻ እየጮኸበት፣ የማያውቃትን ባለቤት ልብ በድምፁ አራርቶ ቁራሽ ማግኘት አለበት። ከዚያ ለዓመታት ዜማ በቃሉ ይይዛል፣ በመቋሚያና በጸናጽል ከአቋቋሙ ጋር አካሉን ያስማማል፣ ሌሊቱን ቆሞ ማኅሌት ያድራል። ከጎኑ አዝማሪው አለ፤ የታዳሚውን ፊት አንብቦ ወዲያው ግጥም መፍጠርን፣ ማወደስንና መንካትን ያውቃል። ለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርደው ሴት የሟቹን ሕይወት በጥቂት ስንኝ አቅርባ ደረቅ ዓይን ታስለቅሳለች። ሽምግልና የተቀመጠ አባት ዝምታን መቼ ማስረዘም እንዳለበት ከማንኛውም ተዋናይ በላይ ያውቃል። እነዚህን ሰዎች ለፊልም የሚመለምል ባለሙያ አንበሳሜ ገበያ መጥቶ ቢቆም ስንት ተዋናይ ይዞ እንደሚመለስ ማሰብ አያስቸግርም።

አንድ መቃወሚያ ግን በቅንነት መመለስ አለበት። ያልሠለጠነ ሰው ካሜራ ፊት ማቆም ሁልጊዜ ደግ ነገር አይደለም። በጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፊልሙ ዓለምን ሲያስደንቅ እሱ ወደ ፋብሪካው ሲመለስ ሥራውን አጣ፤ በተዋናይነትም ኑሮውን ማቃናት አልቻለም። ፊቱ ተወደሰ፣ ሰውየው ተረሳ። ገበሬን ለአንድ ፊልም ተጠቅሞ መሸኘት ተመሳሳይ በደል ነው። ስለዚህ የምለው የሠለጠነው ተዋናይ ይባረር፣ ገበሬው ይተካው አይደለም። «ሰው ለሰው»ን የመሰሉ ተከታታይ ድራማዎች ሕዝቡን ያስጠበቁት አበበ ባልቻን በመሰሉ በሳል ተዋንያን ነው። የምለው ድጓውም፣ ማሲንቆውም፣ ሙሾውም በተዋናይ የሙያ ታሪክ ውስጥ እንደ ሙያ ይቆጠር ነው፤ የተማረበት ሰው በስሙ ይጠራ፣ እንደ ማንኛውም ባለሙያ በውል ይሥራ፣ ይከፈለው፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ፊልምም ይጠራ። ከተማ የተወለደው ተዋናይ ደግሞ ገበሬ እንዲጫወት ሲታዘዝ ልብስ ከመልበሱ በፊት ወደ ፋርጣና ወደ ደራ ይላክ፤ እርፍ ይጨብጥ፣ ደቦ ይውጣ፣ ሰንበት ጽዋ ላይ ተቀምጦ ሽማግሌ ያዳምጥ።

ይህን ለመጀመር አቅሙ ያላቸው ተቋማት አሉ። ባሕር ዳር የክልሉ የቴሌቪዥን ጣቢያ አለ፤ ሙሉዓለም የባህል ማዕከልም እዚያው ነው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከጋፋት ቅርብ ርቀት ላይ ይገኛል። ሦስቱ ተባብረው ስለ ጋፋት አንድ የቴሌቪዥን ፊልም ቢሠሩ፣ ለመድፉ ጎታቾች ከየወረዳው ሰው ቢመለምሉ፣ መሪጌቶችንና አዝማሪዎችን የአንደበት አሠልጣኝ አድርገው ቢቀጥሩ፣ የእነዚህ ሰዎች ስም በፊልሙ መጨረሻ ከዳይሬክተሩ ስም ጋር እኩል ቢጻፍ፣ የኢትዮጵያ ተዋናይ የሙያ መነሻ ከአዲስ አበባ ውጭ መቆጠር ይጀምራል። አዘጋጆችም፣ ምሁራንም፣ የጣቢያው ኃላፊዎችም ይህን ሐሳብ እንዲያነሱትና እንዲከራከሩበት እጠይቃለሁ።